ጥያቄና መልስ፦ ሌሊት ለማይተኛ ሕፃን (ለደሴና ለኮምቦልቻ ወላጆች)

ሰላም ናችሁ። ደሴ ነው የምሠራው፣ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ዛሬ ማታ ስለ ሕፃናት የሌሊት እንቅልፍ ጠይቁኝ። ግን የልጁን ዕድሜ ሳትጽፉ አትጠይቁ። ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ምድጃውን አውጡ።

የሆጤዋ፦ ሲስተር፣ ልጄ አምስት ሳምንቱ ነው። ቀን ድብን ብሎ ይተኛል። ሌሊት ከ7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። ታሞብኝ ይሆን?

መልስ፦ አብሽሪ፣ አልታመመም። ቀንና ሌሊትን የሚለየው የሰውነት ሰዓት ገና አልተሠራለትም። መልክ መያዝ የሚጀምረው በሁለተኛውና በአራተኛው ወር መካከል ነው። ጨቅላ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል፤ ግን ቆራርጦ ነው። ሆዱ ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ቶሎ ይርበዋል። ሰዓቱን የሚያስተካክልለት ብርሃን ነው። ጠዋት መጋረጃውን ክፈቺ። ቀን ሲተኛ ቤቱን አታጨልሚ፣ ጠያቂውም ይንጫጫ። ሌሊት ግን መብራት አታብሪ፣ አታውሪው፣ አታጫውቺው። አጥቢው፣ አስገሺው፣ መልሰሽ አስተኚው። ዳይፐሩ ሽንት ብቻ ከሆነና ካልሞላ ይቆይ። አንቺም እያጠባሽ ስልክ አትጎርጉሪ፤ የስልክ ብርሃንም ብርሃን ነው።

የፒያሳ እናት፦ ልጄ ሌሊት አይተኛም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዕድሜ።

የሮቢት አባት፦ የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ። ከሰሉን ውጭ አጋግመን፣ ጭሱ ሲያልቅ ነው የምናስገባው። እሱም ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የሚያታልለው እሱ ነው። ጭሱ ቢያልቅም የቀላው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል፤ የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከእናንተ ቀድሞ ይመረዛል። ትልቅ ሰው ራሴን አመመኝ፣ አዞረኝ ይላል። ሕፃኑ ዝም ብሎ ይፈዛል። እናቱ «ዛሬስ እንዴት ጥሩ ተኛልኝ» ትላለች። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ታዲያ ብርዱን እንዴት? ክፍሉን ከመኝታ በፊት መስኮት ከፍታችሁ አሙቁ፣ ከዚያ ምድጃው ይውጣ፣ ቤቱ ይናፈስ። ልጁን እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ብቻ አስበልጣችሁ አልብሱት። በርዶት እንደሆነ ለማወቅ እጁን አትንኩ፤ የሕፃን እጅ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ማጅራቱን ወይም ደረቱን ዳስሱ። እዚያ ላይ ካላበው በዝቶበታል። ጋቢና ብርድ ልብስ ፊቱ ላይ አይደርስም። ትራስ የለም። ሲተኛ ደግሞ በጀርባው ነው፤ በሆዱም በጎኑም አይደለም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ በብዙ አገሮች ሕፃናትን በጀርባ አስተኙ የሚል ዘመቻ ከተካሄደ በኋላ፣ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ወርዷል። «ያስመልሰውና ይታነቃል» የምትሉኝ አላችሁ። ጤነኛ ሕፃን በጀርባው ተኝቶ ቢያስመልሰው ይውጠዋል ወይም ያስለዋል።

ቦርከና ማዶ፦ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ኑ። ከሰል ምናምን የለም 😀

የሆጤዋ፦ ለቢምቢያችሁ ምሳ ልንሆን?

ቦርከና ማዶ፦ ቢምቢ ይሻላል ከእናንተ ጉም።

የሮቢት አባት፦ ወንድሜ፣ እናንተ እኮ በጥቅምት ቬንትሌተር ትከፍታላችሁ።

መልስ፦ የከተማ ውድድሩ ሌላ ቀን። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ልጁን አጎበር ውስጥ አስተኙት። ጫፉ ፍራሽ ሥር ይወተፍ፣ ፊቱ ላይ አይንጠልጠል። በሙቀት ሰዓት ስስ ልብስ ይበቃዋል።

አዲስ ሙሽራ፦ ሁለት ወሯ ነው። ማታ ማታ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ታለቅሳለች። አማቴ የአብሽ ውሃ ስጫት፣ ጤና አዳምም ይጨመርበት ይላሉ። እናቴ ደግሞ ማር ትላለች።

መልስ፦ እስከ 6 ወር የጡት ወተት ብቻ። ውሃም አይጨመር። ማር እስከ 1 ዓመት ፈጽሞ አይነካም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ሽባ የሚያደርግ መመረዝ ያመጣል። እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት የሚል ሰውም ቢመጣ በሩን ዝጉበት።

አንጋፋው፦ እኛ ቅቤ ውጠን፣ አብሽ ጠጥተን ነው ያደግነው። ምን ሆንን?

ቦርከና ማዶ፦ ያላደጉት እዚህ መጥተው አይጽፉማ፣ ጋሼ።

አንጋፋው፦ ስድ!

አዲስ ሙሽራ፦ ዓይን በልቷት ነው የሚሉም አሉ። ዱዓ ይደረግላት ተባልኩ።

መልስ፦ ዱዓውንም ጸሎቱንም ማን ከለከለ። ብቻ የሚጠጣ ነገር አይሰጣት። ልቅሶውን እኛ የሆድ ቁርጠት እንለዋለን። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ይብሳል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር መካከል ይለቃል። እዘያት፣ ደረትሽ ላይ ልጥፍ አድርጊያት፣ ወዲያ ወዲህ በይ። ትዕግሥትሽ ካለቀ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ አስተኝተሽ በር ላይ ወጥተሽ ተንፍሺ። ጥቂት ደቂቃ ብታለቅስ አትሞትም። ሕፃን መናጥ ግን አንጎል ያደማል፤ አንዴም ቢሆን።

የፒያሳ እናት፦ ዕድሜው 9 ወር ነው ይቅርታ። ሦስት አራቴ እየተነሳ ይጮሃል። ጥርስ ነው አይደል?

መልስ፦ ጥርስን ሁሉም ይከሰዋል። በ9 ወሩ እናቱ ከዓይኑ ስትጠፋ መኖሯን ያውቃል፤ ስለዚህ ይፈልግሻል። ሲጮህ ሂጂ፣ ድምፅሽን አሰሚው፣ ጀርባውን መታ መታ አድርጊ። መብራት አታብሪ። ቶሎ አታንሺው። ቀን ድብብቆሽ አጫውቺው፤ ሄዳ ትመለሳለች የሚለውን እዚያ ይማራል።

ፈረቃ ሠራተኛ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ልጄ አራት ወር ተኩል ነው። ድሮ አምስት ሰዓት በአንዴ ይተኛ ነበር። ሥራ ከገባሁ ወዲህ በየሰዓቱ ይነሳል።

መልስ፦ የኔ እህት፣ ሁለት ነገር ገጥሞብሻል። አንደኛ፣ በአራት ወር ገደማ እንቅልፉ ራሱ ይቀየራል፤ ወደ ትልቅ ሰው እንቅልፍ ይጠጋል። ዙሩ በተጠናቀቀ ቁጥር ብንን ይላል። ጡት እየጠባ ከተኛ ሲነቃም ጡቱን ይፈልጋል። በቀን አንዴ እንኳ ቢሆን፣ ማንቀላፋት ሲጀምር ጨርሶ ሳይተኛ አልጋው ላይ አጋድሚው። ሁለተኛ፣ ቀን ስላጣሽ ሌሊት ይክሳል። ይህ በሽታ አይደለም፣ ወተትሽም አላነሰም። ከሥራ እንደገባሽ ሌላውን ትተሽ አጥቢው። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት ከ4 ሰዓት አይበልጥም፤ በናንተ ሙቀት ከዚያም አሳጥሪው። ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን።

አዲስ ሙሽራ፦ ባሌ «ጡት የለኝ፣ ብነሳ ምን ልሠራ» ይላል።

የሮቢት አባት፦ እውነቱን ነው እኮ። ጠዋት ሥራ አለ።

ፈረቃ ሠራተኛ፦ እኔስ ሥራ የለኝም?

መልስ፦ ማስገሳት፣ ዳይፐር መቀየር፣ አዝሎ ማባበል ጡት አይጠይቅም። ሕጉማ (አዋጅ 1156/2011) ለአባት የሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። ሌሊቱ ግን ከሦስት ቀን ይረዝማል። እሷ ከምሽቱ 3 ሰዓት ትተኛ፣ አንተ እስከ 6 ያዘው።

የሆጤዋ፦ ቡና ያስቸግረዋል?

መልስ፦ ትንሽ ጨቅላ ካፌይኑን ከሰውነቱ ለማስወጣት ቀናት ይፈጅበታል። ጠዋት አቦልን ጠጪ፤ ቶናና በረካውን ለጎረቤት ተዪላቸው። ጫት ግን ይቅርብሽ።

ስም የለሽ፦ የረመዳን ጾም እያጠባሁ ይቻላል?

መልስ፦ ብይኑን ሼኹን ጠይቂ። ሽንትሽ ከጠቆረ፣ ካዞረሽ ወይም የልጁ ሽንት ካነሰ ለእኔ ጉዳዩ አልቋል፤ ጾሙን አቁሚ።

ስም የለሽ 2፦ ፋርማሲ የሚያስተኛ የጉንፋን ሽሮፕ ብገዛስ?

መልስ፦ አይሆንም። ዕድሜም አልጻፍሽም።

የሮቢት አባት፦ ሲስተር፣ በሩ ገርበብ ብሎ ከሰሉ ጥግ ላይ ቢሆንስ?

መልስ፦ አሁንም ቤት ውስጥ ነው እንዴ? ይውጣ!

ቦርከና ማዶ፦ ሐረጎን ውረዱ ብያለሁ።

የሆጤዋ፦ ሌሊት ሐኪም ቤት የሚያስሮጠው ምንድን ነው? ስልክሽንም ላኪልን።

መልስ፦ ስልክ አልሰጥም፤ ሌሊት እኔን ስትፈልጉ ሰዓት ይሄዳል። ከ3 ወር በታች ሆኖ ሙቀቱ 38 ከደረሰ። ጡት እምቢ ካለ። ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ። ካንቀጠቀጠው። ልትቀሰቅሱት ብላችሁ ከፈዘዘባችሁ። ከእነዚህ አንዱ ካለ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ በባጃጅም ቢሆን ሂዱ። ልጁ ከፈዘዘና ቤት ውስጥ ከሰል ከነበረ፣ መጀመሪያ ወደ ውጭ አውጡት፤ ለሐኪሙም ከሰል እንደነበረ ንገሩ። ብዙ ሰው አፍሮ ይደብቃል።