መልስ፦ ሽሬ በበጎ ፈቃድ ማስተማር፣ የቀኑ ውሎ

ሰላም እህቴ፣ ሽሬ ሄደሽ በበጎ ፈቃድ ልታስተምሪ ስለሆነ ውሎው ምን እንደሚመስል ጠይቀሻል። እኔ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የትግራይን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ እዚያ አስተምሬያለሁ።

ጠዋት የትምህርት ቤቱ ግቢ ስገባ መጀመሪያ የማየው የተሰጣ ልብስና ጀሪካን ነበር፤ በክፍሎቹ ውስጥ ከምዕራብ ትግራይ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ይኖሩ ነበርና። እኛ የምናስተምረው ድንኳንና የዛፍ ጥላ ስር ነበር። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘረጉ ነበር።

በ2012 በኮሮና የተዘጋው ትምህርት ቤት በጦርነቱ ሳይከፈት ስለቆየ፣ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ ታገኛለሽ። እባክሽ እነዚህን ትልልቅ ልጆች በትንንሾቹ ፊት ጮክ ብለሽ አታስነብቢያቸው። ለብቻ ጠርተሽ አስነብቢ፤ እኔ ይህን የተማርኩት አንዱን ልጅ አሳፍሬው ለሳምንት ከትምህርት ከቀረ በኋላ ነው፣ እስካሁን ያመኛል።

ሒሳብን ጠዋት አድርጊው። ልጆቹ ከአራት ሰዓት በኋላ የሚፈዙት ሳይበሉ ስለሚመጡ ነው። የብረት በር ሲጋጭ መሬት ላይ የሚተኛ ልጅም አለ፤ አትቆጪው፣ አጠገቡ ቁጭ በዪ።

ከሜዳ አግኝተው የሚያመጡትን ብረት አትንኪ፤ ያልፈነዳ ቦምብ ሊሆን ስለሚችል ልጆቹን አርቀሽ ለርዕሰ መምህሩ ንገሪ። ትግርኛ ባትችዪም «ከመይ ሓዲርኩም» ብለሽ ጀምሪ። ጠመኔ ብዙ ይዘሽ ሂጂ።