ከሁሉ በፊት ወደ ጎሬ ይደወል

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ሰላምዎ ይብዛ። እኔ አዲስ አበባ የምኖር የ31 ዓመት ሴት ነኝ። የእናቴ ወገኖች ወሎዬዎች ናቸው። አያቶቻችን ሐይቅ አካባቢ ሰባት ልጆች ወልደው አሳድገዋል። ዛሬ ዘራቸው ደሴ አለ፣ አዲስ አበባ አለ፣ ጅዳ አለ፣ ቨርጂኒያ አለ። ግማሻችን ክርስቲያን፣ ግማሻችን ሙስሊም ነን። ከቨርጂኒያ የሚመጡ የአክስቴ ልጆች ስላሉ፣ ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜና እሁድ ቢሾፍቱ ላይ ሁላችንም እንገናኝ ተባለ። ወደ ሰማንያ ሰው እንሆናለን። አዘጋጅ ተብዬ የተመረጥኩት እኔ ነኝ።

የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን፣ ጭቅጭቁ ግን አላልቅ አለ። ወጣቶቹ የአያታችን ፎቶ ያለበት ቲሸርት ይታተም ይላሉ። ትልልቆቹ ሰንጋ ይጣል ይላሉ። የእርዱ ጉዳይ አለ። በመዋጮውም አልተስማማንም። ደግሞ አንድ አጎታችን በ1977ቱ ሠፈራ ከነቤተሰባቸው ኢሉባቦር ሄደው እዚያው አርፈዋል። ልጆቻቸው ጎሬ አካባቢ አሉ፤ ስልካቸው እናቴ ጋ አለ። አንዳንዶቹ ግን «አንተዋወቅም፣ መንገዱም ሩቅ ነው፣ ለሚቀጥለው ይደርሳሉ» ይላሉ። ከየት ልጀምር?

የልጅ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ልጄ፣ ከጎሬ ጀምሪ። የቲሸርቱም የሰንጋውም ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አንቺ በዚያ ዘመን አልተወለድሽም። በ1977 ድርቁ ወሎን ሲያራቁት፣ መንግሥት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ እያነሳ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ ወሰደ። ወድዶ የሄደ ነበር። ተገድዶ የተጫነም ብዙ ነው። ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ የተለያየበት ጊዜ ነው። አጎትሽ ቤተሰባቸውን ይዘው መድረሳቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ልጆቻቸው ቡና በሚበቅልበት አገር፣ ዝናብ በማይጠፋበት አገር አደጉ። ሐይቅን በወሬ እንጂ በዓይን ላያውቁት ይችላሉ። «አንተዋወቅም» የሚሏችሁ ዘመዶችሽ እውነታቸውን ነው። ታዲያ ይህ ስብሰባ ለመተዋወቅ ካልሆነ ለምንድን ነው? የሚተዋወቅ ሰውማ በየሰርጉና በየለቅሶው ይገናኛል።

መንገዱ ሩቅ ነው፣ አልክድም። ከጎሬ አዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነው። በጅማ በኩል ሲመጡ መንገድ ላይ ማደር ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከመዋጮው ላይ መጀመሪያ የሚነሳው ብር የእነሱ ትራንስፖርትና የአዳራቸው ይሁን። ሲደርሱ የሚሰጥ ሳይሆን ከመነሳታቸው በፊት የሚላክ። ከእርሻ ላይ የሚነሳ ሰው ለስድስት ሰው የአውቶቡስ ብር በአንድ ጊዜ ከየት ያወጣል? «የለኝም» ብሎ አይነግራችሁም። «ሥራ በዛብን» ይላችኋል፣ እናንተም ታምናላችሁ፣ ነገሩም በዚያው ይቀራል።

ቲሸርቱ መጥፎ ሐሳብ ሆኖ አይደለም። ግን ለሰማንያ ሰው ቲሸርት የሚወጣው ብር ያንን ቤተሰብ ሳያመጣ አይቀርም። ወጣቶቹን እንዲህ ብለሽ ጠይቂያቸው፤ የሚረዱሽ ይመስለኛል። በቲሸርቱ ምትክ ርካሽ ነገር ልንገርሽ። ሰባት ዓይነት ቀለም ያለው ጥብጣብ ግዢ። አያቶቻችሁ ሰባት ልጅ አይደል የወለዱት? ለእያንዳንዱ ልጅ ዘር አንድ ቀለም ይሰጥ። ሰው ሁሉ ደረቱ ላይ ስሙን ይለጥፍ፣ ከስሩ «የእገሊት ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ» ተብሎ ይጻፍ። እኛ አገር የቤተሰብ መጠሪያ የሚባል ነገር የለንም። የሁለት እህትማማቾች ልጆች አንድም የጋራ ስም የላቸውም። ቨርጂኒያ የተወለደው ልጅ የጎሬውን ወንድሙን በስሙ ሊለየው አይችልም። ሁለቱም ቢጫ ጥብጣብ ካሰሩ ግን ወዲያው ይፈላለጋሉ።

ወደ እርዱ ልምጣ። እናንተ ወሎዬ ናችሁ፣ ይህን ከማንም በላይ ታውቁበታላችሁ። ሰንጋ የሚሉትን ትልልቆቹን በትሕትና እምቢ በያቸው። ሰንጋውን የሚያርደው አንድ ሰው ነው። ክርስቲያን ቢያርደው ሙስሊሞቹ አይበሉም፣ ሙስሊም ቢያርደው ክርስቲያኖቹ አይበሉም። ያን ሁሉ ብር አውጥታችሁ ግማሹን ቤተሰብ ጦም ታሳድራላችሁ። በግ ይሻላል። ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይገዛ፣ ለየብቻ ይታረድ። ሁለት ምድጃ ይኑር። ቢላዋው፣ መክተፊያው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው ሁሉ ይለይ። ጭልፋ የምለው አውቄ ነው። ሥጋው በደንብ ተለይቶ፣ አንዲት የቸኮለች ልጅ በዚያኛው ጭልፋ ይህንን ወጥ ታማስለውና አንዲት አክስት ድምጿን ሳታሰማ ሳትበላ ትውላለች። በየጭልፋው እጀታ ላይ ጨርቅ እሰሩበት። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሰላጣው ግን መሃል ላይ አንድ ላይ ይቅረብ። እንጀራውም አንድ ነው። ከዚያ ላይ ሁሉም ይበላል። ገበታውን ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ወገን ማዶ እንዳታስቀምጡ አደራ።

ጊዜውን በደንብ መርጣችኋል። ከፋሲካ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ዓርብ ማታ የሚደርሱት የደሴ ክርስቲያኖች የተገኘውን ይበላሉ። ቀኑ ከረመዳን ጋር እንዳይጋጭ ብቻ አይታችሁ ቁረጡ። ቅዳሜ ለሶላት የሚሆን ንጹሕ ክፍልና የውዱእ ውሃ ይዘጋጅ። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ የሚሄዱ ስላሉ ከቅዳሴ መልስ በፊት ምንም ፕሮግራም አታስገቡ።

ምግቡን ማን ይሥራው? ይህን አልጠየቅሽኝም፣ ግን ያንገበግበኛል። እናትሽና አክስቶችሽ ጓዳ ይገባሉ፣ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ይውላሉ፣ ወንዶቹ ሐይቁ ዳር ሲጫወቱ ይውላሉ። ከአርባ ዓመት በኋላ የወንድማቸው ልጆች መጥተው እነሱን በጭስ መሃል ያገኟቸዋል። እባክሽ ከሁለቱም ወገን ወጥ ሠሪ ቅጠሩ። ብር ካነሰ ከበጉ አንዱን ቀንሱ። ማጠቡንና ማስተናገዱን ወጣቶቹ ይያዙት፣ ወንዶቹም ጭምር።

መዋጮው በነፍስ ወከፍ አይሁን፣ በቤት ይሁን። ስድስት ልጅ ያለው ሰው የስድስት ልጅ መዋጮ መክፈል የለበትም። ዝቅተኛውን መጠን ሁሉም ቤት የሚችለው አድርጉት፣ ከዚያ በላይ ያለው በፈቃድ ይሁን። የቨርጂኒያና የጅዳዎቹ ጨምረው ይሰጣሉ። ገንዘብ ያዦቹ ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ ከክርስቲያኑ አንዱ ከሙስሊሙ። ወጪው በግሩፑ ይለጠፍ። ማን ስንት ሰጠ የሚለው ግን አይለጠፍ፣ ማይክ ተይዞም አይነበብ። ከጎሬ የመጣ ሰው የቨርጂኒያውን ዶላር ሲሰማ አንገቱን ይደፋል።

ሌላው ፕሮግራም ይቅለል። ጨዋታ፣ ውድድር፣ ዲጄ እያሉ ሰዓቱን አትሙሉት። ቅዳሜ ማታ ግን ቡና ይፈላ፣ በወሎ ደንብ፣ ሦስቱም ይጠጣ፣ ትልልቆቹ ይመርቁ። ያን ጊዜ ስልክ አጠገባቸው አስቀምጣችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። «የቤተሰባችንን ታሪክ ንገሩን» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ዝም ይላሉ። ትንንሽ ነገር ጠይቁ። አዲስ አበባ መጀመሪያ የመጡ ቀን የማን ቤት አደሩ? አያታችን የትኛው ገበያ ነበር የሚወጡት? በ77 የመጨረሻውን በሬ ማን ሸጠው? ወንድምዎ ሲጫኑ የት ቆመው ነበር? የመጨረሻውን ጥያቄ የምትጠይቂው የአጎትሽ ልጆች አጠገባቸው ተቀምጠው እያለ ይሁን። አባታቸው እንዴት እንደሄዱ የዚያኛውን ወገን ታሪክ ሰምተው ላያውቁ ይችላሉ። እነሱም በተራቸው ከደረሱ በኋላ ስለሆነው ይናገሩ። ሐይቅ የቀረው ወገን ደግሞ ያንን አያውቅም።

አሁን ስልኩን። አንቺ እንዳትደውዪ። ግሩፑ ውስጥ አስገብተሻቸው ማስታወቂያውን እንዲያነቡም አታድርጊ። በሕይወት ያሉት ታላቅ አጎትሽ ወይም አክስትሽ ይደውሉ፣ እናትሽም አጠገባቸው ትሁን። መጀመሪያ ስለ ሰው ጤና፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ ይጠይቁ። ስለ አባታቸው ማረፍ ያላዘኑ ካሉ ሐዘናቸውን ያድርሱ። ከዚያ «ያለ እናንተ አንሰበሰብም» ይበሏቸው። ብሩ በማግስቱ ይላክ፣ ቀኑም እነሱ እሺ ካሉ በኋላ ይቆረጥ። የእርሻ ሥራ ወይም የልጆች ፈተና አለብን ካሉ፣ ቀኑን ለእነሱ ብላችሁ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ግፉት። የቨርጂኒያዎቹ የመመለሻ ትኬት ካልፈቀደ ብቻ ቀደም አድርጉት።