ልጆችን ለጥርስ ሕክምና የሚያረጋጉ መድኃኒቶች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ4 ዓመት ልጄ ሁለት የታች መንጋጋዎቿ ተበልተዋል። ወንበሩ ላይ ስትወጣ አፏን ግጥም አድርጋ ታለቅሳለች። ሐኪሟ በአፍንጫ በሚሳብ ጋዝ እናረጋጋት ይላል። ጋዙ ያስተኛታል? መርፌውስ ይቀርላታል?

መልስ፦ አያስተኛትም፤ መርፌውም አይቀርም። ጋዙ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ ሁልጊዜ ከኦክስጅን ጋር ተደባልቆ ይሰጣል። ልጅዎ ነቅታ፣ እየሰማችና እየመለሰች ትቆያለች፤ ፍርሃቷ ግን ይለዝባል፣ ጊዜውም ያጠረ ይመስላታል። ሕመምን የሚቀንሰው በጥቂቱ ስለሆነ ለመሰርሰሪያ አይበቃም። ስለዚህ ድዷ ላይ ማደንዘዣ ይወጋል። የጋዙ ትልቁ ጥቅም መርፌው ሲወጋ እንዳትወራጭ ማድረጉ ነው።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። ትንሹ ጭንብል አፍንጫዋ ላይ ይገጠምና ለ2 ወይም 3 ደቂቃ ንጹሕ ኦክስጅን ትስባለች። ከዚያ ናይትረሱ በየደቂቃው 10 በመቶ ያህል እየተጨመረ ይሄዳል። አብዛኞቹ ልጆች ከ30 እስከ 50 በመቶ ባለው መካከል ይረጋጋሉ። ሥራው ሲያልቅ እንደገና ለ5 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ጋዙ ከደም ወደ ሳንባ በብዛት ሲመለስ በዚያ ያለውን ኦክስጅን ስለሚያሳንሰው ነው። በጥድፊያ በአንዴ 50 በመቶ ላይ መውጣት የማዞርና የማስታወክ ዋና ምክንያት ነው። መብዛቱ የሚታወቀው ልጅቷ መልስ መስጠት ስታቆም፣ ሲያልባትና አፏ በራሱ ሲዘጋ ነው። አፏን በራሷ ኃይል ከፍታ መቆየቷ ንቁ መሆኗን ስለሚያሳይ፣ በጋዝ ብቻ በሚሠራ ጊዜ አፍ ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያ ባይገባ ይመረጣል።

የማይሠራው መቼ ነው? አፍንጫዋ ከታፈነ፣ ወይም አፏን ከፍታ እየጮኸች ከሆነ ጋዙ ወደ ክፍሉ እንጂ ወደ እሷ አይገባም። ስለዚህ የሚስማማው ፈርቶም ቢሆን የሚያዳምጥ ልጅ ነው፤ ጭንብል ጨርሶ የማያስነካ የ2 ዓመት ሕፃን አይደለም። ከቀጠሮው በፊት አፏን ዘግታ በአፍንጫዋ መተንፈስ ቤት ውስጥ ብታለማምዷት ብዙ ይረዳል። የመሃል ጆሮ ሕመም ካላት፣ በቅርቡ የጆሮ ወይም የዓይን ቀዶ ሕክምና ካደረገች፣ ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ካለባት አስቀድመው ይናገሩ። ናይትረሱ አየር ወደታሰረበት ክፍተት ናይትሮጅን ከሚወጣበት ፍጥነት በላይ እየገባ ግፊት ይፈጥራል፤ ቢ12ንም ሥራ ያስፈታል።

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ልጃችን ሚዳዞላም የተባለ ማረጋጊያ ሽሮፕ ታዞለታል። ክሊኒኩ ሩቅ ነው። መንገድ ላይ እንዲይዘው ቤት አጠጥተነው ብንመጣስ?

መልስ፦ በፍጹም። ሽሮፑ መጠጣት ያለበት መተንፈሱን የሚከታተል ባለሙያ፣ ኦክስጅንና በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ የመተንፈሻ ቦርሳ ባለበት ክፍል ብቻ ነው። መኪና ውስጥ አንገቱ ወደ ፊት የወደቀ፣ መድኃኒት የያዘው ሕፃን የአየር መንገዱ ሊዘጋ ይችላል፤ ከኋላ ሲታይ ደግሞ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። በዚህ መልክ ሕይወታቸው ያለፈ ልጆች አሉ።

ቀድሞ መስጠት ጊዜም አያተርፍም። በአፍ የተሰጠ ሚዳዞላም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይይዛል፤ ሥራ የሚያሠራው ደግሞ ለ30 ወይም 45 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። መንገድ ላይ ቢጀምር ወንበሩ ላይ ሲደርስ ያልቃል።

መጠኑ በክብደት ስለሚሰላ በዕለቱ መመዘን አለበት፤ የዛሬ 6 ወር ካርዱ ላይ የተጻፈው አይበቃም። የተለመደው በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ነው። 14 ኪሎ ለሆነ ልጅ 7 ሚሊግራም ይመጣል፤ በአንድ ሚሊሊትር 2 ሚሊግራም ባለው ሽሮፕ ሲለካ 3.5 ሚሊሊትር ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት አስፈሪ ነው፤ ሚሊግራሙን እንደ ሚሊሊትር አንብቦ 7 ሚሊሊትር የቀዳ ሰው እጥፍ ሰጥቷል። ሲለካ «ስንት ሚሊግራም? በስንት ሚሊሊትር?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ሽሮፑ መራራ ነው። ልጁ ግማሹን ቢተፋ ወይም ቢያስመልሰው አይደገምም፤ ምን ያህሉ ሆዱ እንደገባ ማወቅ አይቻልምና። አንዳንድ ልጅ ደግሞ በመረጋጋት ፋንታ ይነጫነጫል፣ ይራገጣል፣ የሚያባብለውን ይነክሳል። ወላጅ ይህን ሲያይ «አነሰው፤ ጨምሩለት» ይላል። መልሱ መጨመር ሳይሆን ማቆም ነው። ማርከሻው ፍሉማዜኒል ክሊኒኩ ውስጥ መኖር አለበት፤ ከሚዳዞላሙ ቀድሞ ስለሚያልቅ ግን ማርከሻ የተሰጠው ልጅ ተመልሶ ሊያንቀላፋ ይችላልና ቶሎ አይሸኝም። ኤሪትሮማይሲን ወይም ክላሪትሮማይሲን የተባሉትን አንቲባዮቲኮች እየወሰደ ከሆነም ይንገሩ፤ ሁለቱም ሚዳዞላሙ ከሰውነት እንዳይወጣ ያዘገዩታል።

ጥያቄ፦ «ባዶ ሆዱን ይምጣ» ተባልን። ውኃም ጭምር? አያቱ ሕፃን አይራብም እያሉ አስቸግረውናል።

መልስ፦ ንጹሕ ውኃ ለቀጠሮው 2 ሰዓት እስኪቀረው፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት እስኪቀረው፣ የላም ወይም የዱቄት ወተትና ቀለል ያለ ምግብ 6 ሰዓት እስኪቀረው፣ ቅባት ያለው ምግብ 8 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል። ምክንያቱ ትውከት ነው፤ መድኃኒት የያዘው ልጅ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ወተት የተጨመረበት ሻይ እንደ ውኃ ሳይሆን እንደ ወተት ይቆጠራል።

አያት ግን ከፊል እውነት አላቸው። ከማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ ያልቀመሰ ልጅ ሲደርስ ደርቆና ተነጫንጮ ነው፤ ማረጋጋቱም ይከብዳል። የጠዋቱን የመጀመሪያ ቀጠሮ ይያዙ፣ ውኃውን ለቀጠሮው 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ አይከልክሉት። እህት ወንድም የሚያቀብሉትን ከረሜላም ይጠብቁ። በልቶ ከተገኘ ደብቆ ከመግባት ቀጠሮ ማስተላለፍ ይሻላል። ጋዝ ብቻ ለሚሰጠው ልጅ ሕጉ ይህን ያህል አይጠብቅም፤ ሆዱ እስኪሞላ አለመብላቱ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ክሊኒኩ ብቁ መሆኑን ወላጅ በምን ያውቃል?

መልስ፦ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «እናንተ ጥርሱን ስትሠሩ ትንፋሹን የሚያየው ማን ነው?» መልሱ «እኔው ራሴ» ከሆነ ይጠንቀቁ። ልጁ እያንቀላፋ ለሚሰጠው ሕክምና ከጥርስ ሐኪሙ ሌላ ዓይኑን ከልጁ የማያነሳ ሰው ያስፈልጋል፤ ጠለቅ ላለው እንቅልፍ ደግሞ መድኃኒቱን የሚሰጠው ራሱን የቻለ የማደንዘዣ ባለሙያ መሆን አለበት።

ጣት ላይ ተሰክቶ የደምን ኦክስጅን የሚለካው ኦክሲሜትር ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ዘግይቶ ነው የሚናገረው። ተጨማሪ ኦክስጅን እየወሰደ ያለ ልጅ መተንፈስ ካቆመ በኋላ ቁጥሩ ለጊዜው ጥሩ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው መሣሪያ ግን ወዲያው ያሳያል። የጥርስ ሥራ ከሌላው የሚከብደው ሐኪሙና ትንፋሹ የሚጠቀሙበት መንገድ አንድ አፍ ስለሆነ ነው፤ መንጋጋ ወደ ታች ሲጫን ምላስ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ውኃም ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ሲያስፈልግ የመጀመሪያው እርምጃ ሥራውን አቁሞ አገጭ ማንሳት ነው።

ልጅዎ ሌሊት የሚያንኮራፋ፣ በእንቅልፉ ትንፋሹ ቆም የሚል ወይም ቶንሲሉ ትልቅ ከሆነ ሳይጠየቁም ይናገሩ። ጉንፋንና ሳል ካለበትም ይተላለፍ።

ወላጆች «አንዴ ከተኛ ሁሉንም ጨርሱለት» ሲሉም እሰማለሁ። ችግሩ የድድ ማደንዘዣውም ጣሪያ አለው። ለልጆች በብዛት የሚሠራበት የሊዶኬይን ጣሪያ በኪሎ 4.4 ሚሊግራም ነው፤ ለ14 ኪሎ ልጅ 61 ሚሊግራም ገደማ። ባለ 2 በመቶው 1.8 ሚሊሊትር ካርትሪጅ (መርፌው ውስጥ የሚገባው የማደንዘዣ ብልቃጥ) 36 ሚሊግራም ስለሚይዝ ሁለት ሙሉ ካርትሪጅ እንኳ ከልክ ያልፋል፤ ማረጋጊያ ሲጨመር ደግሞ የሁለቱ ጫና ይደራረባል። አራቱንም የአፍ ጎኖች በአንድ ቀን ማደንዘዝ ለትንሽ ልጅ የሚሆን ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ አእምሮውን አይጎዳውም?

መልስ፦ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 ያወጣው ማስጠንቀቂያ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ተደጋጋሚ ወይም ከ3 ሰዓት በላይ የሚቆይ ማደንዘዣንና ማረጋጊያን የሚመለከት ነው። አንድ አጭር ጊዜ ጉዳት ያደርሳል ተብሎ አይጠበቅም። ሆኖም ሊቆይ የሚችልን ሥራ ማቆየት ተገቢ ነው። ያላመመ የተበላ የወተት ጥርስ 38 በመቶ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለ ፈሳሽ መድኃኒት ተቀብቶ መበላቱ ሊገታ ይችላል፤ የተበላው ቦታ ግን ይጠቁራል። መንጋጋ ከሆነ ሳይሰረሰር የብረት ዘውድ ይደፋበታል። ድዱ ያበጠ፣ መግል የያዘ ጥርስ ግን በዚህ አይታለፍም።

ጥያቄ፦ ከሽሮፑ በኋላ ቤት ስንመለስ ምን እንጠብቅ?

መልስ፦ ጸጥ ባለ ቦታ ማንም ሳይነካካው ለ20 ደቂቃ ነቅቶ መቆየት ሳይችል አይውጡ። ሁለት አዋቂ ሁኑ፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ አንገቱን ቀና አድርጎ ይይዛል። ቤት ሲተኛ በጎኑ ይሁን፤ በየጊዜው ቀስቅሳችሁ እዩት። ከንፈሩ ለ2 ወይም 3 ሰዓት ስለሚደነዝዝ እያኘከ ሊያቆስለው ይችላል፤ እስኪለቀው ድረስ የሚታኘክ ነገር አትስጡት። በውኃ ጀምራችሁ ወደ ለስላሳ ምግብ ሂዱ። ከተደጋጋሚ ትውከት ውጪ ሌላ ነገር ባታዩም ለክሊኒኩ ደውሉ፤ መቀስቀስ ካቃታችሁ፣ ትንፋሹ ካንኮራፋ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ሳትደውሉ ወደ ቅርቡ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።