ልጄ መኖር ሰልችቶታል፤ ጸበል ልውሰደው ወይስ ሐኪም ቤት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የ16 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ክፍሉን ዘግቶ ነው የሚውለው። ድሮ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የሚወድ ልጅ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደብተሩ ላይ «እኔ ባልኖር ይቀላቸዋል» ብሎ ጽፎ አየሁ። አባቱ «ኃጢአት ነው፣ ካነሳሽበት ታብሺበታለሽ» ይለኛል። ጓደኞቼ ጸበል ውሰጂው ይላሉ። ምን ላድርግ?
ወለተ ማርያም

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ማርያም፣ ያንን ጽሑፍ እንደ ዋዛ አለማለፍሽ ደግ አደረግሽ። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ወደ ልጅሽ ክፍል ሂጂ። እስከ እሑድ አትቆዪ። አጠገቡ ቁጭ በዪና «ልጄ፣ ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣበታል የሚለው ፍርሃት ልክ አይደለም። ጉዳዩን ያጠኑ ባለሙያዎችም ይህንኑ ነው የሚናገሩት። የሚጠይቀው ሰው ያገኘ ልጅ ብዙ ጊዜ ይቀልለዋል። አማርኛው ካልመጣለት በእንግሊዝኛ ይመልስልሽ። ሲናገር አታቋርጪው። «ለአንተ ብዬ ነው ስደት የገባሁት» የሚለውን ለጊዜው ተዪው። እውነት ቢሆንም እሱ የሚሰማው «ሸክም ነህ» ሆኖ ነው።

ነቢዩ ኤልያስን አስቢ። እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው፣ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በረሃ ገባና ከዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ (1ኛ ነገሥት 19)። እግዚአብሔር አልተቆጣውም። መልአኩ ዳሰሰው፤ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ራስጌው አገኘ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣ፤ መንገዱ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ አለው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምቆመው መልአኩ ሁለተኛ በመምጣቱ ላይ ነው። ልጅሽም ዛሬ «ደህና ነኝ» ቢልሽ ነገም ጠይቂው።

ይህን የምልሽ ስለተሳሳትኩ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ከጉባኤ በኋላ ቆሞ ጠበቀኝና መኖር እንደሰለቸው ነገረኝ። «ጸልይ፣ ጹም» ብዬ ሸኘሁት። አሥር ደቂቃ እንኳ አልተቀመጥኩለትም። ያተረፈችው የዚያን ሌሊት አጠገቡ ያደረችው እኅቱ ናት።

ሕይወት የእግዚአብሔር ናት፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይህ ነው። ግን «ሲኦል ትገባለህ፣ ፍትሐት አይደረግልህም» እያላችሁ ካስፈራራችሁት ሐሳቡ አይጠፋም፤ መደበቅ ብቻ ይለምዳል። ለአባቱም ይህን ንገሪው።

ጸበል ወይስ ሐኪም? ሁለቱም። ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። አቡነ ጳውሎስም የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። ለአእምሮ ሕመምም እንዲሁ ነው። ሐኪሙ ከምግብ ጋር ውሰድ ካለው ጾም ቢሆንም ይብላ። የንስሐ አባታችሁን አማክሪ፤ ነገሩ ግን የቡና ወሬ እንዳይሆን።

ዛሬውኑ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ቆልፊበት። ባለቤትሽ ለጥበቃ ሥራ የያዘው መሣሪያ ካለ ከቤት ይውጣ። 988 ደውዪ፤ ራስን ስለማጥፋት ለሚያስቡና ለተጨነቁ ሰዎች የተዘጋጀ የአሜሪካ የእርዳታ ስልክ ነው። ቀንም ሌሊትም ያነሳሉ፣ ወላጅንም ያማክራሉ። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። ልጁ አሁኑኑ ራሱን ሊጎዳ ነው ብለሽ ከሰጋሽ 911 ደውዪ፤ ብቻውንም አትተዪው። የትምህርት ቤቱንም አማካሪ አነጋግሪ።

የልጅሽን የክርስትና ስም ላኪልኝ፤ በጸሎት አስበዋለሁ። ሲነጋም እንዴት እንዳደራችሁ ጻፊልኝ።