ስለ ስደተኛ ጎረቤቶቻችን፦ ጋሼን ጠይቁ

ሰላም ቤተሰብ። ጡረታ የወጣሁ ጠበቃ ነኝ፤ አሁን በአጥቢያችን በጎ አድራጎት ክፍል አገለግላለሁ። እዚህ ጀሞ ያሉ ኤርትራውያን ጎረቤቶቻችን «ይዘው ይመልሱናል» ብለው ከቤት መውጣት ፈርተዋል። ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ፦ የስም ዝርዝር አትሰብስቡ፣ መታወቂያቸውን ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ።

የሰንበት ተማሪ፦ ጋሼ፣ ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ አዋጅ 1110/2011 ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር መመለስን ይከለክላል። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰውም ይህ ጥበቃ አለው። ምዝገባው የሚካሄደው የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት በሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ወረቀቱ ጊዜው ያለፈበት ካለ ዛሬ ነገ ሳይል ይሂድ፤ ብቻውን ከፈራ አንድ ሰው አብሮት ይሂድ።

እሙ ሳራ፦ ከተያዙስ?

መልስ፦ እንዲህ ጠይቁኝ እንጂ! ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 19፦ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረን ሰው ማን ሊጎበኘው እንደሚችል ይዘረዝራል። የትዳር ጓደኛ፣ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ ሐኪም፣ የሕግ አማካሪ ይልና «የሃይማኖት አማካሪ»ንም ይጨምራል። ይቺን ቃል ስንቱ ያውቃታል? ቄሱ መግባት ይችላሉ ማለት ነው! አንድ ጊዜ አንድ ጣቢያ «ዘመድ ብቻ» አሉን። አንቀጹን አሳትሜ በኪሴ ይዤ ነበር። ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመን፣ በመጨረሻ አባ ገቡ። ሲገቡ ግን ጸልየው ብቻ አይውጡ። መቼ ተያዘ? መርማሪው ማነው? ችሎት መቼ ነው? ጠይቀው ይጻፉት። ስንቅም አትርሱ። ጣቢያ ላይ ምግብ የሚያመላልሰው ቤተሰብ ነው፤ እነሱ ደግሞ እዚህ ቤተሰብ የላቸውም። ተራ አውጡ።

አቤል፦ ጉዳይ የሚጨርስ ሰው አውቃለሁ፣ ገንዘብ ብናዋጣስ?

መልስ፦ ደላላ ነው። አይሆንም።

የጀሞ ልጅ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ኪራይ ጣራ የነካው በእነሱ ምክንያት ነው።

ብርሃን፦ የጨመረው አከራዩ ነው። አጎትህ አይደሉም እንዴ?

የጀሞ ልጅ፦ አጎቴን ምን አመጣቸው?

ብርሃን፦ አንተ ነህ ያመጣሃቸው።

መልስ፦ የኪራዩን ሌላ ቀን ተጨቃጨቁ።

ተስፋ፦ ጎረቤቶቼ ጴንጤ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ትርዳቸው?

መልስ፦ ማቴዎስ 25፥35 «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» ነው የሚለው፤ የየትኛው አጥቢያ አባል እንደሆነ አልጠየቀም። በዚያ ላይ ኤርትራ ከ1994 ጀምሮ የምትፈቅደው ኦርቶዶክስን፣ ካቶሊክን፣ ሉተራንንና የሱኒ እስልምናን ብቻ ነው። ጴንጤ ሆኖ ወደዚያ የሚመለስ ሰው እስር ሊጠብቀው ይችላል። ጥገኝነት ሲጠይቁ ይህንን በግልጽ ይናገሩ፤ ብዙዎቹ አፍረው ይተዉታል።

ዮኒ፦ በአጠቃላይ እንዴት እንርዳቸው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ዮኒ፦ ስልክና አድራሻቸውን በኤክሴል ብናደርገውስ?

መልስ፦ ዮኒ! ዝርዝር አትሰብስቡ አልኩ። መዝገቡ በማን እጅ እንደሚወድቅ ታውቃለህ?

እሙ ሳራ፦ ጋሼ፣ የነገውን ስንቅ እኔ ይዣለሁ። ለሐሙስ ሰው የለም።

የጀሞ ልጅ፦ ሐሙስን እኔ ልያዝ።