ስታትስቲክስ ልማር ብዬ ነርስነቴን ልተው?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

እኛ ድሬዎች «አንቱ» ማለት አይሆንልንምና «አንተ» ብልህ አትቀየመኝ።

37 ዓመቴ ነው። ነርስ ነኝ፤ 13 ዓመት ሠርቻለሁ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሥራዬን አልጠላሁትም። ልቤ ግን ሌላ ነገር ላይ ከሄደ ቆይቷል።

ነገሩ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ድሬን ያስተኛት ጊዜ ነው። ጎረምሳው ሁሉ እንደ ሽማግሌ ጎብጦ፣ ጉልበቱን ይዞ ነበር የሚመጣው። እኛ ሰፈር ያልታመመበት ቤት ብርቅ ሆኖ ነበር። እኔ የዕለቱን ታሊ፣ ማለትም የሕሙማኑን ቆጠራ በጭረት ያዢ ተባልኩ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቁጥሩን ከልጄ ደብተር በቀደድኩት ባለካሬ ወረቀት ላይ በነጥብ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። በስድስተኛው ቀን ነጥቦቹን ሳገናኛቸው መስመሩ እንደ ደንገጎ ዳገት ሽቅብ ወጣ። ቀጥዬ ደግሞ ሰፈሮቹን በቀለም ለየሁ። ቀድመው የታመሙት ውሃ በበርሜል የሚያጠራቅሙት ነበሩ። ትንኟ የተጠራቀመ ውሃ ላይ እንደምትራባ ተምሬዋለሁ፤ በገዛ ወረቀቴ ላይ ሳየው ግን ሰውነቴን ወረረኝ።

ከዚያ ወዲህ የባዮስታትስቲክስ፣ የጤና ቁጥሮችን የመተንተን ትምህርት፣ ማስተርስ እመኛለሁ። አምና ኢንተርኔት ላይ አንድ ኮርስ ጀመርኩ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሎጋሪዝም መጣ። ቪዲዮውን አራት ጊዜ መልሼ አየሁት። ከዚያ ላፕቶፑን ዘጋሁና ዕቃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ትምህርት ቤት ሳለን ለግማሽ ዓመት የሂሳብ መምህር አልነበረንም፤ የዘለልነው ያኔ ይመስለኛል።

ባለቤቴ «ከቆረጥሽ ሥራውን ልቀቂና በደንብ ተማሪ» ይላል። እናቴ «ነርስ ሰው ያድናል፤ ቁጥር ማንን ያድናል?» ትላለች። አንዱ ባልደረባዬ ደግሞ «አቦ! በዚህ ዕድሜ ከልጆች ጋር ኤክስና ዋይ ልትፈልጊ ነው?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ።

ልልቀቅ? ወይስ ረፍዶብኛል?

ነርሷ፣ ከሳቢያን

*

እህቴ፣

«አንተ» ስላልሽኝ ደስ ብሎኛል። ሐረር ላደገ ሰው «አንቱ» ሲሉት የታመመ ይመስለዋል።

ሥራሽን አትልቀቂ። ስለ ዕድሜው አንድ መስመር እንኳ አላባክንም። ባልደረባሽንም ተይው፤ ኤክስና ዋይ ከልጆች ጋር ሲፈለግ ቶሎ ይገኛል።

ይልቅ ከዕቃ ቤቱ እንጀምር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሂሳብ አስተምሬያለሁ። ሎጋሪዝም ላይ ያለቀሰ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ፤ አራት ጊዜ መልሶ ያየ ግን ጥቂት ነው። አንቺ አንድ መወጣጫ የጎደለው መሰላል ላይ ነው የቆምሽው። መወጣጫውን እንምታው።

ታሊሽን አውጪ። በመጀመሪያው ቀን 5 ሰው መጣ እንበል። ከዚያ 10፣ 20፣ 40፣ 80፣ 160። ስንት ጊዜ እጥፍ ሆነ? አምስት ጊዜ። በቃ፣ ሎጋሪዝም ይኸው ነው። 160 ለ5 ሲካፈል 32፤ አምስት 2ዎችን እርስ በርስ ብታባዢ (2×2×2×2×2) 32፤ ስለዚህ የ32 ሎጋሪዝም በ2 መሠረት 5 ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ይህንን ከማለቱ በፊት ብዙ ደንብ ደርድሮብሽ ይሆናል።

አሁን ወደ ደንገጎሽ እንመለስ። ቁጥሩ በእኩል ጊዜ እጥፍ እየሆነ ከሄደ፣ በተራ ወረቀት ላይ ዳገቱ እየባሰበት ይሄዳል። እያንዳንዱ እጥፍ እኩል አንድ እርምጃ በሚይዝበት በሎጋሪዝም ሚዛን ስታስቀምጪው ግን ቀጥ ያለ መስመር ይወጣልሻል። ያ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች መጉበጥ የጀመረ ዕለት የወረርሽኙ ፍጥነት ቀንሷል ማለት ነው። በር ላይ ያለው ሰልፍ ገና እየረዘመ እያለ እንኳ ይህ ይታያል። እናትሽ «ቁጥር ማንን ያድናል?» ላሉት አንዱ መልስ እዚህ አለ፤ አልጋና መድኃኒት ለስንት ቀን እንደሚያስፈልግ የሚገመተው በዚህ ነው።

ሎጋሪዝምን ደግሞ ዘለሽው ማለፍ አትችይም። «ውሃ በበርሜል ያጠራቀመ ሰው የመታመም ዕድሉ ምን ያህል ይበልጣል?» ብሎ የሚጠይቀው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የቆመው እሱው ላይ ነው። ቀጥሎ ፕሮባቢሊቲ፣ ትንሽ ካልኩለስና ትንሽ ማትሪክስ ይጠብቁሻል። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፍ ተዋሺ። ቪዲዮውን ቀንሺ፣ እርሳስ ያዢ። ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ድሬ ገና ሳትግል፣ 40 ደቂቃ። ለስድስት ወር። ባለቤትሽ ሥራ ልቀቂ ብሎ የፈቀደውን ፈቃድ ወደ ቁርስ ይቀይርልን፤ ልጆቹን እሱ ያብላ። ስለ ሶፍትዌር አትጨነቂ፤ «አር» የሚባለው በነፃ ይወርዳል።

ከስድስት ወር በኋላ እርሳሱ አሁንም ካማረሽ፣ ያኔ ወረቀት ወረቀቱን አሳድጂ። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ብሔራዊ ፈተና አለ። የነርሲንግ ዲግሪ ይቀበሉ እንደሆነ፣ ትምህርቱ መደበኛ ይሁን የቅዳሜና እሁድ፣ ሬጅስትራር በአካል ሄደሽ ጠይቂ። መሥሪያ ቤትሽ ሊያስተምርሽ ከተስማማ ውል ያስፈርምሻል። ተመርቀሽ ስንት ዓመት እንደምታገለግዪ ሳትቆጥሪ እንዳትፈርሚ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ ያለው ሐረር ነው። ደንገጎን በሚኒባስ ወጥቶ መውረድ በሳምንት ሁለቴ ይቻላል፤ ሁለት ልጅ ይዘሽ በየቀኑ ግን አልመክርሽም።

አትልቀቂ ያልኩሽ ግን ለደመወዙ ብቻ ብዬ አይደለም። ይኸው ዩኒቨርሲቲ ቀርሳ ወረዳ ውስጥ ከ2000 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በየቤቱ የሚወለደውን፣ የሚሞተውን፣ የሚገባና የሚወጣውን ይመዘግባል። ገጠር ውስጥ ብዙ ሰው ሐኪም ሳያየው ይሞታል። ስለዚህ የሞቱን ምክንያት ለማወቅ ቤተሰቡ ይጠየቃል። ትኩሳት ነበረው? ያስለው ነበር? ስንት ቀን ተኛ? ልጇ የሞተባት እናት ፊት ተቀምጦ ይህን መጠየቅ ምን እንደሚመስል ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቀመር ሁሉ በዚያች እናት መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ቀመሩን የሚያውቁ ጎበዝ ልጆች አሉ። ታሊው ላይ አንዷ ጭረት ለምን እንደተዘለለች ግን ላያውቁ ይችላሉ። ዓርብ ከሰዓት ቁጥሩ ለምን ዝቅ እንደሚል አንቺ ታውቂያለሽ፤ በሽታው ጁምዓ ስለወጣ አይደለም። እና «ነርስነቴን ልተው?» የሚለውን ጥያቄ ሰርዢልኝ። ይዘሽው ነው የምትገቢው።

ያ ባለካሬ ወረቀት ግን የት አለ? ካልጣልሽው ነጥቦቹን በሎጋሪዝም ሚዛን እንደገና አስቀምጪና ፎቶውን ላኪልኝ። መስመሩ በስንተኛው ቀን እንደጎበጠ ማየት እፈልጋለሁ።