ዝም ብለው የቆሙት ሰውዬ

ባለፈው አንዲት ወጣት የመጀመሪያ የሮቦት ጥበብ ሥራዋን ንድፍ ይዛ መጣች። ሰው ሲጠጋቸው የሚነቃነቁ ትንንሽ ሮቦቶች ናቸው። በደንብ አስባበታለች። ልትሄድ ስትል ግን «ጋሼ፣ ሰዎቹ መጥተው ዝም ብለው ቢቆሙስ? እንዲንቀሳቀሱ ምን ላድርግ?» አለችኝ። የሆነ ነገር መለስኩላት። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት 12 ረጃጅም የብረት ዘንጎች አንድ የአውደ ርዕይ አዳራሽ ውስጥ ተከልኩ። እያንዳንዱ ሥሩ ላይ ሞተሮች አሉት። ሰው ሲገባ ወደ እሱ ዘንበል ይላሉ፤ ሲሄድ ይከተሉታል። ጣሪያው ላይ ካሜራ ነበር። ኮምፒውተሩ የባዶውን አዳራሽ ምስል ይይዝና ካሜራው ከሚያየው ጋር ያስተያያል። ልዩነት ካገኘ ሰው መጥቷል ማለት ነው። ችግሩ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ነበር፤ በየሰዓቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ የባዶውን አዳራሽ ምስል በየጊዜው እንዲያድስ አደረግኩት። 30 ሰከንድ ያህል ያልተንቀሳቀሰ ነገር እንደ አዳራሹ ዕቃ ይቆጠራል። በዚህ ብልሃቴ በጣም ኮርቼ ነበር።

በመክፈቻው ቀን አንድ ሽማግሌ ከዘራ ይዘው ገቡ። ዘንጎቹ ሁሉ ጎንበስ አሉላቸው። ፊታቸው በራ። መሃል ላይ ቆሙ፣ በሁለት እጃቸው ከዘራቸውን ተደገፉና ያዩ ጀመር። 30 ሰከንዱ ሞላ። ዘንጎቹ አንድ በአንድ ቀና አሉ። በበሩ ሌላ ሰው ሲገባ ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ሽማግሌው ለኮምፒውተሩ ግድግዳ ሆነው ቀሩ።

ጠብቀው ጠብቀው ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ ያጠፋሁት ነገር አለ?» አሉኝ። እንግዶች ከበውኛል፤ ቸኩያለሁ። «አባባ፣ መንቀሳቀስ አለብዎት» አልኳቸው። በቃ፣ ይህን ብቻ። እግራቸውን አዩት። ሁለት እርምጃ ሞከሩ። ዘንጎቹ ተመለሱላቸው፤ ያ የበራ ፊት ግን አልተመለሰም። ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

ያኑ ሌሊት ኮዱን አስተካከልኩት። የገባ ሰው እስኪወጣ ድረስ እንዳይረሳ የሚያደርግ ጥቂት መስመር ነው። ሌላም ጨመርኩ፦ ሰው ቆሞ በቆየ ቁጥር ዘንጎቹ ቀስ እያሉ ይጠጉታል። ሥራው እጅግ አማረ። ዛሬም ሰው የሚያነሳልኝ ይህንን ነው። እሳቸው ግን ተመልሰው አልመጡም። አውደ ርዕዩ እስኪዘጋ ድረስ የከዘራ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ እዞር ነበር።

የሚያናድደኝ መልሱን ቀድሜ አይቼው ነበር። ቀራፂው ኤድዋርድ ኢህናቶቪች የሠራው ሴንስተር የተባለ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1970 ኔዘርላንድስ፣ አይንድሆቨን ከተማ፣ ኢቮሉዮን በሚባለው የፊሊፕስ ኩባንያ የቴክኖሎጂ ማሳያ ሕንፃ ለሕዝብ ቀርቦ ነበር። ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ በሃይድሮሊክ ማለትም በፈሳሽ ግፊት የሚንቀሳቀስ ሮቦት ነው። የመገጣጠሚያው ሐሳብ የመጣው ሎብስተር ከሚባለው ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ማይክሮፎንና ራዳር አለው። ለስለስ ያለ ድምፅ ሲሰማ ይጠጋል፤ ሲጮኹበትና ሲወራጩበት ይሸሻል። ፕሮግራሙ ጥቂት ሕግ ነው፤ ተመልካቹ ግን ነፍስ ያለው ፍጡር ያየ ያህል ይሰማው ነበር። እኔ ተማሪ ሳለሁ ስለ መገጣጠሚያዎቹ እየደጋገምኩ አነበብኩ። ረጋ ወዳለ ሰው የሚቀርብ ማሽን መሆኑን ግን ዘልዬው አለፍኩ።

እናንተ የዛሬ ወጣት ሠሪዎች በብዙ ነገር ከእኛ ትሻላላችሁ። እኛ ሳምንት የፈጀብንን ሥራ አርዱዪኖ በምትባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ በአንድ ከሰዓት ትጨርሱታላችሁ። ኮዳችሁንም ለሌላው አትሰስቱም። ግን ቪዲዮ ይበዛባችኋል። ሥራው ገና ሰው ሳይነካው ተቀርጾ ይለጠፋል። ቪዲዮው ላይ ያለው ደግሞ ሁልጊዜ የት መቆም እንዳለበት የሚያውቅ ጓደኛችሁ ነው። እሱን ተዉት። አክስታችሁን አምጡ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ጋብዙ። መዳህ የጀመረ ሕፃን ይግባ። እናንተ ጥግ ላይ ሆናችሁ፣ ምንም ሳትናገሩ እዩ።

ስለ ሽቦና ስለ መለዋወጫ አልጽፍም፤ የመጀመሪያ ቀን ሲበላሽባችሁ ትማሩታላችሁ።

ምንም ሳትናገሩ ብያለሁ። «እጅዎን ያንሱ» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ካስፈለገ ሥራው አላለቀም ባይ ነኝ። ሆኖም በኋላ ትልቅ የሮቦት ክንድ ስሠራ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር አስምሬ «ከዚህ አይለፉ» ብዬ ጽፌያለሁ። ያ ክንድ ሰው ሊጎዳ ይችል ነበር። ለእኚያ ሽማግሌም ቢሆን መናገር ነበረብኝ። «ያጠፉት ነገር የለም አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

አንቺ የጠየቅሽኝ ልጅ፣ እንዲንቀሳቀሱ ምንም አታድርጊ። ቆሞ ለሚያይ ሰው ሮቦቶችሽ ምን እንደሚያደርጉለት አስቢ። ለሙከራ ሰው ስትፈልጊ ደግሞ ጥሪኝ። አሁን እኔንም ጉልበቴን ያመኛል፤ መሃል ላይ እስከፈለግሽው ድረስ ዝም ብዬ እቆምልሻለሁ።